«ዓሣ ልትጠብቂ ነው አሜሪካ ያመጣሁሽ?»

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዕድሜሽ 20 ነው፤ ሲያትል አጠገብ ባለችው ሬንተን ከእናትሽ ጋር ትኖሪያለሽ፤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለነርሲንግ የሚያስፈልጉ ኮርሶች ጀምረሻል። ከትርፍ ሰዓት ሥራሽ በየወሩ አገር ቤት ላለው የአጎትሽ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ክፍያ ትልኪያለሽ። ባለፈው ኦክቶበር፣ ሴዳር ወንዝ ላይ ከተሠራው ቤተ መጻሕፍት ሥር ቀያዮቹ ሳልሞኖች ለመራባት ከባሕር ወደ ላይ ሲወጡ ስታዪ ለፈተና ልታጠኚ መምጣትሽን ረሳሽው። ወንዝ የማደስና የዓሣ መተላለፊያ የመክፈት ሥራ መማር እፈልጋለሁ ስትያቸው እናትሽ «ዓሣ ልትጠብቂ ነው አሜሪካ ያመጣሁሽ?» አሉሽ። ዋና አለመቻልሽ፣ እንግሊዝኛሽና ኬሚስትሪም ያሳስቡሻል። ለእነሱ አንድ አንድ መስመር ይበቃል፤ የእናትሽን ጥያቄ ግን በዝርዝር ልመልስ።

እናትሽ ክፉ አላሰቡም። ነርስ ሥራ አያጣም። የተሳሳቱት ይህን ሥራ የትርፍ ጊዜ ነገር አድርገው በማየታቸው ነው። ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ የሕግ ግዴታ ነው። በ1974 (እ.ኤ.አ.) ዳኛ ቦልት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ነገዶች ከመንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት ሊያዝ ከሚችለው ዓሣ የግማሹ ባለመብት ናቸው ብሎ ፈረደ። በ2001 ነገዶቹ እንደገና ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ዓሣው መንገድ ሥር ባለ ቱቦ ከተዘጋ የግማሽ ድርሻው ምን ይረባል? በ2013 ግዛቱ እነዚህን ከመንገድ ሥር ውኃ የሚያሳልፉ ቱቦዎች (ካልቨርቶች) እንዲያስተካክል ታዘዘ። ጉዳዩ በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ዳኞቹ አራት ለአራት ስለተከፈሉ ትእዛዙ ጸና። እስከ 2030 ድረስ፣ በእነዚህ ቱቦዎች ከተዘጋው የሳልሞን መኖሪያ 90 በመቶው መከፈት አለበት።

ካልቨርት ጠባብ ስለሆነ ውኃው ውስጡ ይፈጥናል፤ ሲወጣም ከአፉ ሥር ያለውን አፈር እየቦረቦረ፣ ውሎ አድሮ የቱቦው አፍ ከወንዙ በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ኮሆ ሳልሞን ይዘላል፤ ጠርዙን ይመታና ይወድቃል፤ ጥቂት አርፎ እንደገና ይዘላል። አፍንጫው ተልጦ ነጭ የሆነ አይቻለሁ። ያንን ቱቦ አውጥቶ ድልድይ ለማድረግ ቀያሽ፣ ፈቃድ አዘጋጅ፣ ቁፋሮው ሳይጀመር ዓሦቹን በመረብ የሚያነሳ፣ ኋላም ዳርቻው ላይ ዛፍ የሚተክል ሰው ይቀጠራል። አንቺ ቆመሽ ያየሽው ሴዳር ራሱ ላንድስበርግ በተባለው ግድብ ከ1901 ጀምሮ ተዘግቶ ኖሮ መተላለፊያ የተሠራለት በ2003 ነው። እዚያ ቺኑክና ኮሆ የተባሉት የሳልሞን ዓይነቶች ወደ ላይ ያልፋሉ፤ አንቺ ያየሽው ቀዩ ሶካይ ግን ወንዙ የሲያትል መጠጥ ውኃ ስለሆነ አያልፍም። የሚለያቸው ደሞዝ የሚከፈለው ሰው ነው።

«መጀመሪያ ነርስ ሁኚ፣ ከዚያ የፈለግሽውን» የሚለውን ምክር እኔም ሰምቼው ነበር። ባሕር ዳር ሳለሁ ሥራዬ በክረምት ከጣና ወደ ጉማራ ለመራባት የሚወጡትን የባርበስ ዓሦች መለካት ነበር። እዚህ ስመጣ ዘመድ ሁሉ «ለጊዜው» እያለ አረጋውያን መንከባከቢያ አስገባኝ። ለጊዜው የተባለው 9 ዓመት ሆነ። ሥራው የተከበረ ነው፤ ልቤ ግን ሌላ ቦታ ስለነበር እነዚያ አዛውንቶች ከእኔ የተሻለ ሰው ይገባቸው ነበር። ወደ ወንዝ የተመለስኩት በ38 ዓመቴ ነው፤ ጉልበቴ እምቢ እስኪለኝም ሠራሁ።

ስለ ገንዘቡ እውነቱን ልንገርሽ። ጀማሪ ከነርስ በጣም ያነሰ ይከፈለዋል፤ ወንዝ ውስጥ የሚሠራው በአብዛኛው በሰመር ስለሆነ ብዙው ቅጥር ለወራት ብቻ ነው። ስለዚህ ለአጎትሽ ልጅ መክፈሉን አቁሚ። አንዲት የ20 ዓመት ልጅ ገና ያላገኘችውን ደሞዝ ቤተሰብ ቀድሞ መከፋፈሉ ልክ አይደለም። አጎትሽ ከመስማቱ በፊት ለእናትሽ ንገሪያቸው።

ዲግሪ ከመቀየርሽ በፊት ደግሞ አንድ ወቅት በእጅሽ ሥሪ። ዋሽንግተን ኮንሰርቬሽን ኮር የተባለው የግዛቱ የተፈጥሮ ጥበቃ ቡድን ከ18 እስከ 25 ዓመት ያሉ ወጣቶችን ይቀበላል፤ የመኖሪያ ፈቃድ መስፈርቱን አስቀድመሽ አንብቢ። ሥራው በዝናብ የብላክቤሪ እሾህ መንቀልና አኻያ መትከል ነው። ጣትሽ እየደነዘዘም ከወደድሽው፣ ኦበርን ግሪን ሪቨር ኮሌጅ የተፈጥሮ ሀብት ትምህርት አለ። በአራት ዓመት ብድር አትጀምሪ። ሳልሞኖቹ ሲመለሱ እናትሽን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደዚያ ወንዝ ላይ ወዳለው ቤተ መጻሕፍት ውሰጂያቸው፤ ሴቷ ዓሣ በጅራቷ ጠጠር እየቆፈረች ለእንቁላሏ ቦታ ስታዘጋጅ ይዩ።

ዋናውን በዚህ ክረምት ተማሪ፤ ውኃው ብዙ ጊዜ ከጉልበት ባያልፍም ወንዝ አይታመንም። እንግሊዝኛሽ ይበቃል፤ የመስክ ሪፖርት ቀን፣ ቦታ፣ ጥልቀት፣ ሙቀት ነው። ኬሚስትሪን ግን ነርሲንግ ብትተዪም እንዳትተዪው፤ ዝናብ ሲዘንብ ኮሆዎቹን እየገደለ ያስቸገረው ነገር ከመኪና ጎማ የሚወጣ ኬሚካል መሆኑ በ2020 የታወቀው ኬሚስቶች ስለፈለጉት ነው።