ዝቅተኛ ዋጋ አቅርበን ለምን ወደቅን?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ጅማ ውስጥ በድንጋይ ንጣፍ ሥራ የተደራጀን ስምንት ልጆች ነን። አዌቱ ወንዝ አጠገብ ያለ መናፈሻ ለማደስ ጨረታ ወጥቶ ተወዳደርን። ሥራው የእግር መንገድ ማንጠፍ፣ የውኃ ማፋሰሻ፣ አግዳሚ ወንበርና ችግኝ ነው። ፖስታ ሲከፈት የኛ ዋጋ 2,914,000 ብር ተብሎ ተነበበ። ከኛ ቀጥሎ ያለው 3,240,000 ብር ነበር። ያሸነፈው ግን እሱ ነው። የደረሰን ደብዳቤ «ከሒሳብ ማስተካከያ በኋላ 3ኛ ወጥታችኋል» ይላል። ተበላን ማለት ነው? የዋጋ ዝርዝራችንን ፎቶ አንስተን ልከንልዎታል።

መልስ፦ ልጆቼ፣ ፎቶውን ሁለት ቀን ሙሉ አየሁት። ተራ ቁጥር 7ን አውጡና ከኔ ጋር እዩ። ንጣፍ፣ 640 ካሬ ሜትር። ነጠላ ዋጋ፣ 1,150 ብር። ጠቅላላ ዋጋ ላይ የጻፋችሁት 73,600 ብር ነው። ሁለቱን አባዙ፤ 736,000 ይመጣል። አንዲት ዜሮ ቀርታለች።

በመንግሥት ጨረታ ነጠላ ዋጋና ጠቅላላ ዋጋ ሲጋጩ የሚጸናው ነጠላ ዋጋው ነው። ስለዚህ ኮሚቴው 662,400 ብር ይጨምርባችኋል። 15 በመቶ ቫት ሲታከልበት 761,760 ይሆናል። ዋጋችሁ 3,675,760 ገባ ማለት ነው። በመክፈቻው ዕለት የሚነበበው ዋጋ ገና ያልተጣራ ነው፤ ብዙ ተጫራች ግን እሱን ሰምቶ አሸነፍኩ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ የሥራ መጠንና ዋጋ ሳሰላ የኖርኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ዜሮ የስንቱን ልጅ ልፋት እንዳስቀረ አውቃለሁ፤ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ይህ ማለት ዝም በሉ ማለት አይደለም። የተስተካከለውን ሒሳብ በጽሑፍ ጠይቁ። መብታችሁ ነው። ቅሬታ ካላችሁ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ታቀርባላችሁ፤ ቀነ ገደቡ አጭር ነው። በፌዴራሉ የግዥ አዋጅ 649/2001 5 የሥራ ቀን ነበር። ጅማ የምትሠራው በኦሮሚያ ክልል የግዥ ሕግ ስለሆነ የናንተን ቀን ከጨረታ ሰነዱ ላይ ዛሬውኑ እዩ።

ምርጫው እንዴት እንደሚሄድም ልንገራችሁ። መጀመሪያ ወረቀት ይታያል፦ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የቫት ምዝገባ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የደረጃ ምስክር ወረቀት፣ የጨረታ ማስከበሪያ (ተጫራቹ ከቃሉ እንዳይወጣ የሚያስይዘው ዋስትና)። እናንተ በጥቃቅንና አነስተኛ ስለተደራጃችሁ በሲፒኦ (ባንክ በሚሰጠው የክፍያ ማዘዣ) ፋንታ ካደራጃችሁ ቢሮ የዋስትና ደብዳቤ ማምጣት ይፈቀድላችኋል፤ ይህን አሟልታችኋል። ከዚያ የቴክኒክ ሰነድ ይመዘናል፤ ማለትም ባለሙያው፣ መሣሪያው፣ ከዚህ በፊት የተሠራው ሥራ። ዋጋ የሚወዳደረው ይህን ያለፈ ብቻ ነው።

አሁን ልቤ ውስጥ ያለውን ልናገር። የማፋሰሻውን ዋጋ አይቼ ደነገጥኩ። ለአንድ ሜትር የጻፋችሁት ገንዘብ ቁፋሮውን እንኳ አይሸፍንም። ጅማ ላይ ዝናብ ሰኔን አይጠብቅም፤ በመጋቢት ይጀምርና እስከ መስከረም ይወርዳል። አንድ ጊዜ በሌላ ከተማ የግምገማ ኮሚቴ ላይ ተቀምጬ እንዲህ ያለ ዋጋ አልፌያለሁ። ጠቅላላው ዝቅ ስላለ ደስ ብሎን ፈረምን። ኮንትራክተሩ ማፋሰሻው ጋ ሲደርስ ኪሳራ ሆነበትና ስንዝር በማትሞላ ጥልቀት ቆፍሮ ሸፈነው። በመጀመሪያው ክረምት ውኃው ንጣፉ ሥር ገባ። አሸዋው ታጠበ፣ ድንጋዩ ሰመጠ። አንዲት እናት ዱላዋ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ስትወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ። «ይህን ዋጋ እንዴት አወጣኸው?» ብሎ ማብራሪያ መጠየቅ የኛ ሥራ ነበር፤ አልጠየቅንም።

እናም በሚቀጥለው ጨረታ እያንዳንዱን ተራ ለየብቻ አስሉ። በአንዱ ያጎደላችሁትን በሌላው እናካክሳለን አትበሉ። ሁለት ሰው ለየብቻ ያባዛ፤ ከዚያ ሦስተኛው ይደምር። ቦታውን ከዝናብ በኋላ ሄዳችሁ እዩ፤ ውኃው የት እንደሚተኛ መሬቱ ራሱ ያሳያችኋል። ካሸነፋችሁ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ትጠየቃላችሁ፤ የተለመደው ከውሉ ዋጋ 10 በመቶ ነው። እሱን ከየት እንደምታመጡ ሳታውቁ ፖስታ አታስገቡ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ተጫራች አይደለሁም፤ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ መናፈሻ እወስዳቸዋለሁ። ኮንትራክተር ሲመረጥ እንደኔ ያለ ነዋሪ ምን ማድረግ ይችላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ምርጫው ላይ ድምፅ የለሽም። ጨረታ ከመውጣቱ በፊት ግን ዲዛይን ሲዘጋጅ ነዋሪ የሚወያይበት መድረክ ከተጠራ አትቅሪ። ጥላ የት ይሁን፣ መጸዳጃ ቤት አለ ወይ፣ ለጋሪ የሚሆን መግቢያ አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ። ዝርዝሩ ውስጥ ያልተጻፈ ነገር ኮንትራክተሩ አይሠራውም፤ ከተማውም አይከፍለውም።

ሥራው ሲጀመር ታፔላ ይተከላል። አሠሪውን፣ ኮንትራክተሩን፣ አማካሪውንና የውሉን ጊዜ አንብቢ። ሥራው አልቆ ጊዜያዊ ርክክብ ሲደረግ ሁሉም አበቃ አትበይ። ከክፍያው ላይ፣ ብዙ ጊዜ 5 በመቶ፣ መያዣ ይቀራል። እስከ መጨረሻው ርክክብ፣ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት፣ የተበላሸውን የማስተካከል ግዴታ የኮንትራክተሩ ነው። ያ ዓመት አንድ ሙሉ ክረምት አለው። ንጣፉ ሲሰምጥ ወይም ውኃ ሲተኛ ካየሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺ፣ ቀኑን ጻፊበት፣ ማመልከቻ አድርገሽ መዝገብ ቤት አስገቢና የገቢ ቁጥሩን ተቀበዪ። ከመጨረሻው ርክክብ በፊት ይድረስ እንጂ፤ ከዚያ በኋላ ጥገናው ከከተማው ኪስ ነው የሚወጣው።