ጥያቄና መልስ፦ ኤልኢዲ አምፖል ለምን ቀድሞ ይቃጠላል?

ጥያቄ፦ የገዛሁት ኤልኢዲ አምፖል ካርቶኑ ላይ 25,000 ሰዓት እንደሚያበራ ተጽፎበታል፤ ነገር ግን ዓመት ሳይሞላው ጠፋ። የድሮው ባለ ክር አምፖል አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። 60 ዋት የሚወስድ ባለ ክር አምፖል 800 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ገደማ ብርሃን ይሰጣል፤ ኤልኢዲ ይህንኑ በ8 ወይም በ9 ዋት ይሰጣል። ክሩ ከሚወስደው ኃይል ከ90 በመቶ በላይ በሙቀት መልክ ይባክናል፤ ዕድሜውም 1,000 ሰዓት ገደማ ነው።

ቀይ ኤልኢዲ እ.ኤ.አ. በ1962 ተሠርቷል። ነጭ ብርሃን ለማግኘት ግን ደማቅ ሰማያዊ ያስፈልግ ነበር፤ ይህን ያስገኙት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ፤ በእርግጥም ይገባቸዋል። ዛሬ ሰማያዊው ቺፕ (ብርሃን የሚያመነጨው ትንሽ ቁራጭ) በቢጫ ፎስፈር፣ ማለትም የተቀበለውን ብርሃን በሌላ ቀለም በሚያወጣ ንጥረ ነገር ሲሸፈን ነጭ ሆኖ ይታየናል።

የእርስዎን አምፖል በተመለከተ፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበላሸው ቺፑ ሳይሆን አንገቱ ውስጥ ያለው ድራይቨር፣ ማለትም የመስመሩን ኤሌክትሪክ ለቺፑ እንዲስማማ የሚቀይረው ክፍል ነው። የድራይቨሩ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) ሙቀት ሲበዛበት ውስጡ ያለው ፈሳሽ ይደርቃል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ አየር በማያስወጣ ዝግ ሽፋን ውስጥ አይትከሉት። ግድ ከሆነ ለዝግ ሽፋን እንደሚሆን የተጻፈበትንና ዋቱ ዝቅ ያለውን ይምረጡ።

የአምፖሉ የራሱ ሽፋን ሲከፈት አንዱ ቺፕ ላይ ጥቁር ነጥብ ከታየ ግን ጥፋቱ የቺፑ ነው፤ ቺፖቹ በተከታታይ ስለተያያዙ አንዱ ሲቃጠል ሌሎቹም አብረው ይጠፋሉ። ብርሃን መቀነሻ ዲመር ካለም አምፖሉ ከዲመር ጋር እንደሚሠራ ካርቶኑ ላይ ያረጋግጡ፤ ካልሆነ ይርገበገባል፣ ድራይቨሩም ይጎዳል።