አየር የሚያግደውን ጋማ ጨረር ከመሬት ሆኖ ማየት

"ጋማ ጨረርን ከባቢ አየር ያስቀረዋል ተብለን ተምረናል። ታዲያ ከሌላ ጋላክሲ የሚመጣውን መሬት ላይ በተተከለ ቴሌስኮፕ እንዴት ያዩታል? እንጦጦ ላይስ አይሞከርም?" ላልከው ወንድሜ፦ ተማሪ እያለሁ ናሚቢያ ባለው፣ ጋማ ጨረርን በሚያጠናው ሄስ ቴሌስኮፕ የሌሊት ተረኛ ሆኜ ሠርቻለሁ። የማውቀውን ልንገርህ።

የተማርከው ልክ ነው፣ ጋማ ጨረር (እጅግ ከፍተኛ ጉልበት ያለው ብርሃን) ራሱ መሬት አይደርስም። ግን አየሩን ሲመታ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን (ተቃራኒ ሙላት ያለው የኤሌክትሮን መንትያ) ይወልዳል። እነሱ ሌላ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ይወልዳሉ፣ ያም ሌላ ጥንድ፣ እንዲህ እያለ የቅንጣት ዶፍ ይሆናል። ቅንጣቶቹ ብርሃን በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት ፍጥነት ስለሚበልጡ ቼረንኮቭ የሚባል ሰማያዊ ብልጭታ ይወጣል። መነሻው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። መሬት ላይ ከ200 ሜትር በላይ ስፋት ይሸፍናል፣ የሚቆየው ግን ጥቂት ናኖሴኮንድ ብቻ ነው።

ይህ ስፋት ነው ሥራውን የሚያስችለው፤ ቴሌስኮፑ በዚያ ስፋት ውስጥ ከቆመ ብልጭታው ይደርሰዋል። ደማቅ የሚባለው ክራብ ኔቡላ (የፈነዳ ኮከብ ቅሪት) እንኳ ከ1 ቴራ ኤሌክትሮንቮልት (የጉልበት መለኪያ ነው) በላይ ያለው ጨረሩ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በዓመት ከ10 ፎቶን አይበልጥም። ሳተላይት ላይ ይህን ለመጠበቅ ዕድሜ አይበቃም።

ሄስ 12 ሜትር መስታወት ያላቸው አራት ቴሌስኮፖች አሉት፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ 28 ሜትሩ ተጨመረ። ተረኛው ስክሪን ላይ ብልጭታዎቹን በቀጥታ ያያል። አብዛኞቹ ጋማ አይደሉም፣ ከጠፈር የሚመጡ የኮስሚክ ጨረር ፕሮቶኖች የፈጠሯቸው ናቸው። የፕሮቶኑ ምስል የተበታተነ ነው። የጋማው ቀጠን ያለ ሞላላ ነው። አንዳንዴ ጥርት ያለ ቀለበት ይወጣል፤ ያ መስታወቱ ላይ ያረፈ አንድ ሙዮን (ኤሌክትሮንን የሚመስል ግን የሚከብድ ቅንጣት) ነው። እጅግ ያምራል፤ ግን የሚታየው በአንዱ ቴሌስኮፕ ብቻ ስለሆነ ሌሎቹ ካላረጋገጡት ይጣላል። ጨረቃና ደመና ከሌሉ ሌሊቱን ሙሉ ሥራው ይኸው ነው።

ወደ ጋላክሲዎቹ ስንመጣ፣ በዚህ ዘዴ መጀመሪያ የታየው ማርካሪያን 421 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1992፣ አሪዞና ባለው ዊፕል ቴሌስኮፕ። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ፒኬኤስ 2155-304 የተባለው ጋላክሲ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2006 ላይ ሄስ ሲመለከተው ድምቀቱ በ200 ሴኮንድ አካባቢ ይለዋወጥ ነበር። መሃሉ ላይ ያለውን ግዙፍ ጥቁር ጉድጓድ ብርሃን ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ እንኳ ሰዓታት ይፈጅበታል! አንድ ነገር ደግሞ ብርሃን እሱን ከሚያቋርጥበት ጊዜ ፈጥኖ ድምቀቱን በሙሉ ሊለዋውጥ አይችልም። ስለዚህ ጨረሩ የወጣው ወደ እኛ ከተተኮሰ፣ ለብርሃን ፍጥነት እጅግ ከቀረበ ጄት (ቀጭን የቅንጣት ፍሰት) ውስጥ ነው ይባላል። በዚያ ጄት ውስጥ ቅንጣቶቹን ይህን ያህል የሚያፈጥነው ምን እንደሆነ ዛሬም ያከራክራል።

እንጦጦን በተመለከተ፦ ያሉት የ1 ሜትር ቴሌስኮፖች ለዚህ አይሆኑም። መስታወቱም ትንሽ ነው፣ ካሜራውም ናኖሴኮንድ አይቆጥርም። ነገር ግን እነዚሁ ጋላክሲዎች በተራ ብርሃንም ይለዋወጣሉ። የጋማ ቡድኖችም የብርሃን መረጃ ጎን ለጎን ይፈልጋሉ፣ ያለሱ ጄቱን መተርጎም ይከብዳል። ፒኬኤስ 2155-304 ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ማታ፣ ከእኛ ሰማይ በደቡብ በኩል በደንብ ከፍ ይላል፤ ለ1 ሜትር ቴሌስኮፕም በቂ ድምቀት አለው። የመመረቂያ ርዕስ እየፈለግህ ከሆነ በእሱ ጀምር።