ለድንችና ቺዝ ካሴሮል ጀማሪዎች፦ ውሃውን ጭመቁት፣ ልጁን ግን አታባርሩት

ታንክስጊቪንግ (የአሜሪካኖች የምስጋና በዓል) በደረሰ ቁጥር ያው ጥሪ ይመጣል፤ «ሁሉም የሚበላ ነገር ይዞ ይምጣ»። ጠሪው የሥራ ባልደረባ ይሁን አማች፣ አዲስ የመጣው ሐበሻ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ከሱፐርማርኬት ኬክ ገዝቶ ይሄዳል፣ ወይ ስልኩ ላይ ያየውን የድንችና ቺዝ ካሴሮል (ትሪ ላይ ተደባልቆ ኦቨን ውስጥ የሚጋገር ምግብ) ጠዋት ተጣድፎ ይሠራና ከላይ ያረረ፣ ከሥር ውሃ ያቆረ ትሪ ተሸክሞ ይደርሳል። ከዚያ ማንም ሳይነካው ይዞት ሲመለስ «ፈረንጅ የእኛን እጅ አይወድም» ይላል። ፈረንጁ እጃችሁን አልጠላም፤ ውሃውን ነው የጠላው።

ዩታ በሚባለው የአሜሪካ ግዛት ውስጥ ይህን ምግብ «የቀብር ድንች» ይሉታል፤ ሞርሞን የሚባሉት የሃይማኖት ተከታዮች ሐዘን ቤት ይዘውት ስለሚሄዱ ነው። በ2002 የሶልት ሌክ ሲቲ የክረምት ኦሎምፒክ ጊዜማ ምስሉ ደረት ላይ የሚሰካ ፒን ሆኖ ነበር። ለቅሶ ቤት ምግብ ይዞ መሄድን ለእኛ ማንም አያስተምረንም። ስሙን ያነሣሁት ግን ለሌላ ነገር ነው። ይህ ምግብ ማታ ተሰናድቶ፣ ፍሪጅ አድሮ፣ መኪና ላይ ተጭኖ፣ ሰው ቤት ደርሶ የሚበላ ነው። ጠዋት የሚጀምረው ሰው ገና ከመነሻው ተሳስቷል።

1. ልኬቱ

ከ10 እስከ 12 ሰው ይበቃል። ትሪው እዚህ አሜሪካ 9 በ13 የሚባለው ነው፣ 23 በ33 ሴንቲ ሜትር። አንድ ከረጢት የተፈቀፈቀ የፍሪዘር ድንች (ሃሽ ብራውን የሚሉት)፣ ከ850 እስከ 900 ግራም። ሳወር ክሬም (የኮመጠጠ ክሬም) 450 ግራም። አንድ ጣሳ የእንጉዳይ ክሬም ሾርባ፣ 300 ግራም ገደማ፣ ውሃ ሳይጨመርበት እንዳለ። ቼዳር ቺዝ 225 ግራም። አንድ መካከለኛ ሽንኩርት። ቅቤ 60 ግራም ለውስጡ፣ ሌላ 60 ግራም ለላዩ። ሁለት ኩባያ ኮርን ፍሌክስ፣ ስኳር ያልተለበሰው ተራው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ።

ጨው አነሰ ብላችሁ እጃችሁን አትዘርጉ። ሾርባውም ቺዙም ጨዋቸውን ይዘው ነው የመጡት። ቅቤውም ተራው የሱቅ ቅቤ ይሁን። ንጥር ቅቤ ምን የመሰለ ነገር ነው፤ እዚህ ውስጥ ግን ኮረሪማው ከቼዳሩ ጋር ይጣላል።

ሰው ከበዛ ሁለት ትሪ ሥሩ። እጥፉን አንድ ጥልቅ ዕቃ ውስጥ የሚከምር ሰው ዳሩን አሳርሮ መሐሉን ቀዝቃዛ ያስቀራል።

2. ወረቀቱ

የዕቃውን ጀርባ አንብቡ፤ አንዳንዱ ሳወር ክሬም ጄላቲን (ከእንስሳ የሚወጣ ማርጊያ) አለበት፣ የዶሮ ክሬም ሾርባም እውነተኛ ዶሮ አለበት፣ ለማን እንደምትወስዱት ደግሞ እናንተ ታውቃላችሁ።

3. ውሃው

ይህ ምግብ የሚበላሽበት ምክንያት ብዙ መስሎ ይታያል፤ ሲጠቃለል ግን ውሃ ነው። የፍሪዘሩ ድንች በበረዶ የተሸፈነ ነው። ከከረጢቱ በቀጥታ ወደ ትሪው ከገለበጣችሁት በረዶው ኦቨን ውስጥ ይቀልጥና ክሬሙን ያቀጥነዋል፤ ቺዙ ዘይቱን ይተፋል፣ ሥሩ ይንቦጫረቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ከአንድ ቀን በፊት ድንቹን ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ አውርዱት። ሲለቅ ንጹሕ የወጥ ቤት ጨርቅ ላይ አድርጋችሁ ጠቅልሉና እንደ ልብስ ጠምዝዛችሁ ጭመቁት። አንዴ ጨምቃችሁ አታቁሙ፤ ጨርቁን ፈታ አድርጋችሁ ድንቹን አገላብጡና ድገሙት። የሚወርደውን ውሃ ስታዩ እስከዛሬ ሰው ምን ስታበሉ እንደኖራችሁ ይገባችኋል።

በትኩስ ድንች መሥራት የሚፈልግ አንድ ኪሎ ራሰት ይግዛ፣ ልጣጩ ቡናማና ሻካራ የሆነውን። ከነልጣጩ በቀዝቃዛ ውሃ ጥዳችሁ፣ መፍላት ከጀመረ በኋላ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቀቅሉ። ቢላ ስትሰኩበት መሐሉ ላይ ትንሽ ሊያስቸግር ይገባል፤ ሙሉ በሙሉ ከበሰለ አልፎበታል። አውጥታችሁ አቀዝቅዙና ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት፤ በማግስቱ ላጡትና በመፈቅፈቂያው ሰፊ ዓይን ፈቅፍቁት። ለምን ይደር? ድንች ከነሙቀቱ ሲፈቀፈቅ ስታርቹ (ዱቄታማው ነገሩ) ይወጣና ሙጫ ይሆናል። ሲቀዘቅዝ ግን ስታርቹ ይረጋል፣ ክሩም ሳይፈርስ ይወጣል።

ጥሬውን ፈቅፍቆ የሚጨምር አለ። አንደኛ፣ አየር ሲነካው ይጠቁራል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ የሳወር ክሬሙ ኮምጣጣነት ጥሬ ድንች እንዳይለሰልስ አድርጎ ይይዘዋል። አንድ ሰዓት ሙሉ ጋግራችሁት ድንቹ አሁንም ጥርስ ላይ የሚንኮሻኮሸው ለዚህ ነው፤ ኦቨኑን አትውቀሱ።

ሽንኩርቱም ውሃ ነው። ደቆ ተከትፎ በ60 ግራሙ ቅቤ 5 ወይም 6 ደቂቃ ይቁላላ፣ መልኩ ሳይቀየር እስኪለሰልስ ብቻ። የወጥ ሽንኩርት አይደለም፤ አታቅሉት።

4. ቺዙና ክሬሙ

ተፈቅፍቆ በከረጢት የሚሸጠውን ቺዝ ተዉት። እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ስታርች ወይም ሴሉሎስ ተነስንሶበታል፤ ሲቀልጥ አሸዋ አሸዋ ይላል። ጥፍጥፉን ገዝታችሁ ራሳችሁ ፈቅፍቁ። «ሻርፕ» የሚለው ቼዳር ጣዕሙ ይወጣል፤ ብዙ ዓመት የቆየው ግን ሲሞቅ ቶሎ ዘይቱን ስለሚለቅ ብቻውን አይሆንም።

ሳወር ክሬም ባለ ሙሉ ስቡን ግዙ። ለጤናዬ ብሎ ስብ የወጣለትን የሚገዛ ሰው ኦቨን ውስጥ ሲቋጠርበት ያያል። ጤናውን በቁራሹ መጠን ይጠብቅ።

የጣሳ ሾርባ የማይፈልግ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ አቅልጦ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት አንድ ደቂቃ ያማስልበት፤ ግማሽ ኩባያ ወተትና ግማሽ ኩባያ የአትክልት መረቅ ቀስ እያለ ይጨምርና እስኪወፍር ያማስለው። አንድ ጣሳ ይተካል። ጨዉን ግን ያኔ ቀምሶ ያስተካክል።

ሲደባለቅ ሽንኩርቱ ከእሳት ይውረድ፤ ሾርባው፣ ሳወር ክሬሙ፣ ከቺዙ ሁለት ሦስተኛው፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬው ይግቡ፤ ድንቹ መጨረሻ ላይ። ቅቤ በተቀባ ትሪ ላይ ሳትጠቀጥቁ አስተካክሉት። ፎይል አልብሳችሁ ፍሪጅ አስገቡት፣ ይደር። ኮርን ፍሌክሱን ማታ የሚነሰንስ ሰው ጠዋት ገንፎ ያገኛል።

5. ሰዓቱ

ኦቨኑ 175 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በዚህ አገር መቁጠሪያ 350 ፋራናይት። ትሪው ብርጭቆ ከሆነ ከፍሪጅ አውጥታችሁ በቀጥታ ወደ ጋለ ኦቨን አትክተቱት፣ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ግማሽ ሰዓት ውጭ ይቆይ። ፎይሉን እንደለበሰ 40 ደቂቃ፤ ከዚያ ፎይሉን ገልጣችሁ የቀረውን ቺዝና በቀለጠ ቅቤ የታሸውን ኮርን ፍሌክስ ነስንሱ፣ ሌላ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ። ዳር ዳሩ ሲንተከተክ፣ መሐሉ በቴርሞሜትር 74 ዲግሪ ሲደርስ ወጥቷል። 15 ደቂቃ ሳይነካ ይረፍ፤ ወዲያው የተቆረጠ ይፈስሳል።

አሁን ስለ ሐበሻ ሰዓት። ከቀኑ 8 ሰዓት የተጠራ እንግዳ 10 ሰዓት ላይ «መንገዱ ተዘግቶ» እያለ ይገባል። ምግቡን 8 ሰዓት ላይ ያወጣ ሰው 10 ሰዓት ላይ የደረቀና የቀዘቀዘ ያቀርባል። የወተት ምግብ ከኦቨን ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ «እስካሁን ማንም አልታመመም» ማለት ማስረጃ አይደለም። ቤታችሁ ከጠራችሁ፣ የመጀመሪያው እንግዳ ጫማውን ሲያወልቅ ያኔ ኦቨን ውስጥ አስገቡት፤ ሌላው ተሰብስቦ ሳይጨርስ ይደርሳል። ሰው ቤት የምትወስዱ ከሆነ በፎይል፣ በወፍራም ፎጣ፣ ከዚያ ለበረዶ በሚገዛው ሳጥን ውስጥ፤ ያ ሳጥን ሙቀትም ይይዛል።

6. ጾሙ

ታንክስጊቪንግ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 24 ወይም 25። ሁለቱ የሚገጥሙበት ዓመት ጥቂት አይደለም። የፈረንጆቹ ፋሲካም ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾማችን ሳያልቅ ይመጣል። «ላክቶስ የለውም» የሚል ወተት ያው ወተት ነው፤ ብዙ ጿሚ በዚህ ተሳስቷል።

ለጾሙ፣ ሁለት ሽንኩርትና አራት ፍንጭል ነጭ ሽንኩርት በአራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አቁላሉ፤ አምስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት አማስሉበት፤ ሦስት ኩባያ ስኳር የሌለው የአጃ ወተት፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሰናፍጭ። ሲወፍር ከተጨመቀው ድንች ጋር ደባልቁት፣ ለላዩ ኮርን ፍሌክሱን በዘይት እሹ። ቺዝ ነው ብላችሁ አታቅርቡት፤ ድንች በሰናፍጭ ነው፣ ይጣፍጣል።

7. ልጁ

ይህ ሁሉ ሲሠራ ልጁ የት ነው ያለው? ሳሎን፣ ታብሌት ላይ። «ሂድ ከዚህ፣ ትቃጠላለህ» ተብሎ። ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፉ ቀስቅሳችሁ፣ 40 ደቂቃ ነድታችሁ አማርኛ ትምህርት ቤት ታደርሱታላችሁ። ፊደል መቁጠሩን አልጠላም። ግን «ሀ ሁ ሂ» እያለ የሚዘምር ልጅ «ጭመቀው» ሲሉት ዓይኑን የሚያፈጥ ከሆነ ምን ተማረ?

በዚህ አንድ ትሪ ውስጥ ያለውን ሥራ ቁጠሩት። መቀቀል፣ መላጥ፣ መፈቅፈቅ፣ መጭመቅ፣ ማንጠፍጠፍ፣ መክተፍ፣ ማቁላላት፣ ማቅለጥ፣ መደባለቅ፣ መቀባት፣ ማድቀቅ፣ መነስነስ፣ መሸፈን፣ መጋገር። 14 ግስ ነው፣ ለዚያውም እጅ እያየ የሚማራቸው። እኛ ቤት ውስጥ የምንለው ግን ምንድን ነው? «ከት አድርገው»፣ «ሚክስ አድርገው»፣ «ሜልት ሲያደርግ ንገረኝ»። 14ቱ ግሶች ሞተው «አድርግ» የምትባል አንዲት ብቻ ቀርታለች። ልጁ አማርኛ ጠፋበት እንላለን፤ መቼ ሰጠነውና ነው የሚጠፋበት?

ሥራ ስጡት። የ4 ዓመቱ ኮርን ፍሌክሱን በላስቲክ ውስጥ በመዳመጫ ያድቅቀው፤ ዱቄት እስኪሆን ሳይሆን ጥፍር እስኪያህል። «አድቅቀው» በሉት፣ ዐሥር ጊዜ። የ6 ዓመቷ ትሪውን ቅቤ ትቀባ፣ ማዕዘኑን እንዳትረሳ። ቺዝ የሚፈቀፍቀው ከ8 ዓመት በላይ ያለው ነው፤ የመጨረሻውን ቁራሽ ግን ትልቅ ሰው ይቀበለው፣ የጣት አንጓ የሚላጠው እዚያ ላይ ነው። ድንች መጭመቁን ጉልበት ላለው ጎረምሳ ስጡት፤ «ቆይ ደርቋል» ሲላችሁ «ገና ነው፣ ጭመቅ» በሉት።

ወንድና ሴት ካሏችሁ ደግሞ ይህን አድምጡ። ለእሱ «ነስንስ»፣ ለእሷ «ነስንሺ»፤ ለእሱ «ላጥ»፣ ለእሷ «ላጪ»። ሁለቱን ጎን ለጎን አቁማችሁ አንዱን ሥራ በየተራ ስታዟቸው ልዩነቱ በጆሮ ይገባል። በመጽሐፍ ሠንጠረዥ ግን ዓመት ይፈጃል፣ ከዚያም ይረሳል።

ከሁሉ የሚያንገበግበው አንቱታው ነው። እዚህ ያደጉ ልጆች አያታቸውን «ነይ፣ ብዪ» ይላሉ። ባለጌ ሆነው አይደለም። ከእኛ የሰሙት ትእዛዝ ብቻ ነው፤ እኛ ለእነሱ የምንለውን ነው ለአያታቸው የሚመልሱላት። ትልቅ ሰው ቤታችሁ ካለ ወንበር አምጡና ኩሽና አስቀምጡ። ክሬሙ ሲደባለቅ (ጥሬ ነገር የለበትም፣ ይቀመሳል) ልጅቷ በማንኪያ ይዛ ትሂድና «እማማ፣ ይቅመሱልኝ፣ ጨው ይበቃዋል?» ትበል። አያት አገር ቤት ከሆኑ በቪዲዮ ደውሉና ልጅቷ ራሷ «ይዩት፣ እንዲህ ነው የምነሰንሰው» ትበላቸው። «እዪው» ካለች አርሟት፣ እዚያው፣ ሳትቆጡ። የአያት ዕድሜ ቀጠሮ አይሰጥም፤ «በሚቀጥለው ክረምት አገር ቤት ወስጃት ትማራለች» የሚለውን የብዙ ቤት ዕቅድ ክረምቱ ሳይደርስ መርዶ ቀድሞታል። ከዚያ በኋላ ልጅቷ አንቱታውን የምታለማምድበት ሰው የለም፤ የሚጸጽተውም ያ ነው።

እና እባካችሁ፣ ትሪው ሰው ቤት ደርሶ «ማን ሠራው?» ሲባል ሦስት ሰዓት የቆመችው እናት ዝም ትበል። ልጁ ይመልስ።

8. የተረፈው

ዝቅ ባለ ዕቃ አድርጋችሁ፣ ከድናችሁ ፍሪጅ አስገቡት፤ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ቀን። ማይክሮዌቭ ላዩን ያለሰልሰዋል፤ መጥበሻ ላይ በዝቅተኛ እሳት፣ ያለ ዘይት፣ ተከድኖ፣ ሥሩ ቡናማ እስኪሆን። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ራሱ ይሥራው፤ «ሂት አድርገው» ሳይሆን «አሙቀው» በሉት።