«እኔ ማን ነኝ?» እያላችሁ አትፈትኗቸው

ልጆቼ፣

በነርቭ ሕክምና ጸጉሬ እስኪሸብት ስሠራ ደጋግሜ ያየሁት ነገር አለ። ወጣቶች ወላጃቸውን ደግፈው ወደ ምርመራ ክፍል ይገባሉ፤ ገና ሳይቀመጡ ፈተናው ይጀመራል። «እማዬ፣ እስቲ እኔ ማን ነኝ? ትናንት ማን መጣ? ምሳ ምን በላሽ?» ሕመሙን ለእኔ ለማሳየት ብለው ነው። እናትየው ግን አንገታቸውን ይደፋሉ። ይህን ልማድ እንድትተዉ እፈልጋለሁ፤ ለመተው ደግሞ ከመርሳት ሕመሞች አንዱ የሆነው አልዛይመር አንጎልን ምን እንደሚያደርገው ማወቅ ይጠቅማል።

ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 የአንዲት ሟች ታካሚውን አንጎል መርምሮ ያገኘውን ለሙያ ባልደረቦቹ ሲያቀርብ ይህ ነው የሚባል ጥያቄ እንኳ አልቀረበለትም። በማይክሮስኮፕ ያያቸው ሁለት ነገሮች ግን ዛሬም የበሽታው መለያ ናቸው። አንደኛው በነርቭ ሕዋሳት መካከል የሚጠራቀመው ቤታ አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ነው። ሁለተኛው በሕዋሱ ውስጥ የሚተበተበው ታው ነው። ታው በደህናው ጊዜ የሕዋሱን የውስጥ ማጓጓዣ መስመር ደግፎ የሚያቆም ፕሮቲን ነው፤ ከቦታው ተላቆ ሲተበተብ መስመሩ ይፈርሳል። ሕዋሳት የሚገናኙባቸው ጫፎች ይከስማሉ፣ ሕዋሱም ይሞታል፣ ውሎ አድሮም አንጎሉ ራሱ ይኮማተራል።

ጥፋቱ አንጎልን በአንድ ጊዜ አያዳርስም። አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚጎዱት ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍልና አጎራባቹ ናቸው፤ አዲስ ገጠመኝ ትውስታ ሆኖ እንዲቀር የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ስለዚህ እናታችሁ የትናንቱን ምሳ ረስተው አይደለም፤ መጀመሪያውኑ አልተመዘገበም። የሌለን ነገር «አስቢ እንጂ!» ብሎ መወትወት ምን ይፈይዳል? የሠርጋቸውን ዕለት አሳምረው የሚያወጉት ደግሞ አስመስለው አይደለም፤ የቆየ ትውስታ በሌላው የአንጎል ክፍል ተሰራጭቶ ስለሚኖር ለጊዜው ይተርፋል።

ቀጥሎ ቃል ይጠፋል፣ የሚያውቁት መንገድ ይጠፋል። ዕድሜውን ሙሉ ሒሳብ ላስተማረ ሰው ወረቀት ሰጥቼ ሰዓት እንዲሥል ጠየቅሁት። ክቡ ያማረ ነበር፤ ቁጥሮቹ ግን በሙሉ በቀኝ በኩል ታጭቀዋል። 11 ሰዓት ከ10 ደቂቃ እንዲያመለክት ስነግረው አንዱን ጠቋሚ ወደ 11፣ ሌላውን ወደ 10 ዘረጋው። 10 ደቂቃ ማለት የ2 ቁጥር ቦታ መሆኑን ማሰላሰል አልቻለም። ልጁ አጠገቡ ቆሞ «አባዬ እየቀለደ ነው» አለ። ቀልድ አልነበረም።

ብዙ ቤተሰብ የሚበጣበጠው በሌብነት ክስ ነው። አባታችሁ ገንዘባቸውን ከትራስ ሥር አንስተው ሌላ ቦታ ያኖራሉ፤ ማንሳታቸው አልተመዘገበም። ቦታው ባዶ ሲሆን «ተሰረቅሁ» ማለታቸው ከክፋት አይደለም፤ ባላቸው መረጃ የደረሱበት ድምዳሜ ነው። አትከራከሩ፣ አትማሉ። «ኑ፣ አብረን እንፈልግ» በሏቸው።

ሌላም እወቁ፦ ነገሩ ከተረሳ በኋላ ስሜቱ ይቆያል። ጮኻችሁባቸው ከሆነ ጩኸቱን ይረሱታል፤ ቅሬታው ግን ምክንያቱ ሳይታወቃቸው አብሯቸው ይውላል። ደስ ብሏቸው ከዋሉም እንዲሁ ነው። «መሄዴን አያስታውሱም» እያለ መጠየቅ የሚያቆም ሰው ያናድደኛል።

ዝንጉ ሁሉ አልዛይመር የያዘው አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ መዛባት፣ ድብርትና አንዳንድ መድኃኒቶችም አእምሮን ያደበዝዛሉ፤ እነዚህ ይታከማሉ። ስለዚህ «እርጅና ነው» ብላችሁ ቤት አታስቀምጧቸው። ለአልዛይመር ፈውስ አልተገኘም። እንደ ሌካኔማብ ያሉት አዳዲስ መድኃኒቶችም ገና በጅምር ላለ ሕመምተኛ አሚሎይዱን እየጠረጉ መዳከሙን በመጠኑ ያዘገያሉ እንጂ አያቆሙትም።

«ለእኔስ ይተላለፋል?» ትላላችሁ። በቀጥታ የሚወረሰው ዓይነት ከመቶ አንድ አይሞላም። ኤፖኢ4 የተባለው ዘረመል ተጋላጭነትን ይጨምራል፤ ያለበት ሁሉ ግን አይታመምም። በአንጎል ውስጥ ያለው ለውጥ ምልክቱ ከመታየቱ ከ15 እስከ 20 ዓመት ቀድሞ ስለሚጀምር ጉዳዩ የሽማግሌ ብቻ አይደለም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳስታወቀው፣ 14 አጋላጭ ሁኔታዎችን መቆጣጠር ቢቻል በዓለም ላይ ካለው የመርሳት ሕመም 45 በመቶ የሚሆነውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር። ከእነዚህ መካከል የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ሲጋራ፣ የጭንቅላት ጉዳትና ብቸኝነት ይገኛሉ። «አእምሮን ስል ያደርጋል» ተብሎ የሚሸጥ የስልክ ጨዋታ ከመግዛት ግፊትን መለካት ይሻላል። የመስማት ችግርም ከዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ጆሯችሁ ውስጥ ሰክታችሁ የምትውሉትን ማዳመጫ ድምፁን ቀንሱት።