የኩላሊት እጥበት (ዲያሊሲስ) ላይ ላላችሁና ለአስታማሚዎች፦ ስለ ዓይን ጠይቁኝ

ሲስተር፦ ሰላም ለሁላችሁ። እንደምታውቁት ሥራዬ ዲያሊሲስ ክፍል ነው እንጂ የዓይን ሐኪም አይደለሁም፣ ግን ማሽን ላይ እየተኛ ዓይኑ ሲደክምበት "የበሽታው ነው" ብሎ ዝም የሚል ሰው ስለበዛብኝ ነው ይሄን የከፈትኩት። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉልኝ፦ አንድ ዓይን ነው ወይስ ሁለቱም፣ ድንገት ነው ወይስ ቀስ በቀስ፣ ስኳር አለ ወይስ የለም። እና ከአሁኑ ልንገራችሁ፣ ድንገት የጠፋ እይታ ቀጠሮ አይጠብቅም፣ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ጋ ነው የሚኬደው።

የአዳማው፦ ሲስተር አባቴ ከማሽን ሲወርድ ሁለቱም ዓይኑ ብዥ ይልበታል፣ ሲነጋ ይስተካከላል። ስኳር አለው፣ በሳምንት ሁለቴ ነው የሚታጠበው።

ሲስተር፦ ጎበዝ፣ ሁሉንም ጽፈሃል። እጥበት ላይ ውሃውም ቆሻሻውም ስኳሩም ባጭር ሰዓት ስለሚቀያየር የዓይን ሌንስ ትንሽ ያብጣል፣ የደም ግፊትም ይወርዳል፣ በማግስቱ የሚጠፋው ብዥታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። ስለዚህ መነጽር በእጥበት ቀን አታስለካለት፣ በመሀል ባለው ቀን ይሁን። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፣ በውሃ ስንት ኪሎ ጨምሮ ነው የሚመጣው? ድራይ ዌቱ (ትርፍ ውሃው ሲወጣ የሚቀረው ክብደቱ) 60 ኪሎ የሆነ ሰው በሰዓት ከ780 ሚሊ በላይ ውሃ ባይሳብበት ይመረጣል፣ በአራት ሰዓት 3 ሊትር አካባቢ ማለት ነው። አምስት ኪሎ ጨምሮ መጥቶ "ሁሉንም አውጡልኝ" ሲል ግፊቱ ይወድቃል፣ ግፊት ሲወድቅ ደግሞ የዓይን ነርቭ ደም ያጣል። ስንቱ በማግስቱ ከእንቅልፉ ሲነሳ የአንድ ዓይኑ ግማሽ ጠፍቶ፣ ምንም ሳያመው! ይሄ ከሄደ ባብዛኛው አይመለስም። ጨው ቀንሱለት፣ ጨው ነው የሚያስጠማው። የግፊት ክኒኑን በእጥበት ቀን ጠዋት ይዋጠው አይዋጠው ሐኪሙን ጠይቁ፣ በራሳችሁ አታቁሙ። ማሽን ላይ እያለ ከጨለመበት ደግሞ ያኔውኑ ይንገረን። ክራምፕ (የጡንቻ ቁርጠት) ሲይዛችሁ ትጮሃላችሁ፣ ዓይናችሁ ሲጨልም ዝም ትላላችሁ፣ ለምን?

ሰላም ነኝ፦ ዓይኔን ያመኛል ምን ላድርግ

ሲስተር፦ ሦስቱን ነገር ጻፊ።

ከቨርጂኒያ፦ ይቅርታ ግን በሳምንት ሁለቴ ለምን ይታጠባል? እዚህ ሦስቴ ነው፣ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

የአዳማው፦ ወንድሜ ብሩን አንተ ትልካለህ? ሁለቱን የምንከፍለው በስንት መከራ ነው።

ከቨርጂኒያ፦ ለመሳደብ አይደለም፣ እውነቱን ነው የተናገርኩት።

ሲስተር፦ ሦስቴ እንደሚሻል ሁላችንም እናውቃለን፣ የሚከለክለው ገንዘብ ነው። ሁለቴ የሚታጠብ ሰው በመሀል ያለው ቀን ስለሚረዝም ውሃና ጨው ላይ የበለጠ ይጠንቀቅ። ወደ ዓይን ተመለሱ።

ብርቱካን፦ ስኳር አለብኝ፣ ከትናንት ጀምሮ በቀኝ ዓይኔ ጥቁር ክርና ነጠብጣብ ይንሳፈፍብኛል። ማሽን ላይ የሚሰጠኝ ደም ማቅጠኛ፣ ሄፓሪኑ ይሆን?

ሲስተር፦ ብርቱካን ነገ ጠዋት ሳይሆን ዛሬ ሂጂ። ስኳር ኩላሊትን የጎዳበት መንገድ የሬቲናን (ከዓይን ጀርባ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) ቀጫጭን ደም ሥሮችም ይጎዳል፣ አዲስ የሚበቅሉት ደካማ ስለሆኑ ይደማሉ። ሬቲና ተቀዶም ሊሆን ይችላል፣ ሳይታይ አይታወቅም። ሄፓሪን ብቻውን ይሄን አያመጣም፣ ግን ማሽን ላይ ከመተኛትሽ በፊት ለነርሷ ንገሪያት፣ ሐኪሙ ይቀንሰዋል ወይ ይተወዋል። ፈርተሽ እጥበት እንዳትቀሪ። ሌዘርም ዓይን ውስጥ የሚሰጠው አቫስቲን የሚባል መርፌም እጥበት ላይ ላለ ሰው ይሰጣል። ስኳር ያለባችሁ ሁሉ ብዥ ሳይል በፊት ቢያንስ በዓመት አንዴ ሬቲና ታዩ፣ ምኒልክ ሆስፒታልም ይሁን ሌላ ቦታ።

ጤና ይቅደም፦ እኔ የምመክረው የካሮት ጁስና ቫይታሚን ኤ ነው፣ አክስቴ ከአሜሪካ ልካልኝ በጣም ረድቶኛል።

ሲስተር፦ ኧረ በናታችሁ! ቫይታሚን ኤ እጥበት ላይ ያለ ሰው ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ማሽኑ አያወጣውም፣ መርዝ ይሆናል። የካሮት ጁስ ደግሞ ፖታሲየም ነው፣ ሲበዛ ልብ ያቆማል። ለዓይን የሚባል ምንም ቫይታሚን ሳትጠይቁ አትዋጡ።

የማርያም ልጅ፦ ለዓይን እንደ ጸበል ያለ የለም። ጠዋት ጠዋት መጠጣትና ዓይንን ማስነካት ነው።

ዳዊት፦ ሁለት ሊትር አጠጥተሽው ሳንባው ውሃ ሲሞላ ማን ያወጣዋል?

የማርያም ልጅ፦ እምነት አትንካ!

ሲስተር፦ ሁለታችሁም ተረጋጉ። እኔም ጸበልተኛ ነኝ። የሚጠጣው በቀን ከተፈቀደው ውሃ ላይ ይቆጠራል፣ በቃ። አንገቱ ላይ ካቴተር (ለእጥበት የገባ ቱቦ) ያለው ሰው ግን ቦታው እንዳይርስ፣ ከዚያ የገባ ኢንፌክሽን በደም ዞሮ ዓይን ውስጥ ሊገባ ይችላል። ብርድ ብርድ ካለው፣ ካተኮሰውና አንድ ዓይኑን አሞት ከቀላ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል።

ኪያ፦ ባለቤቴ እጥበት ላይ እያለ ቲቢ ተገኘበትና መድኃኒት ጀመረ። የሚያስጨንቅ ነገር አለው?

ሲስተር፦ ኪያ ይሄን ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፣ ማንም አይጠይቀውም። ከቲቢ መድኃኒቶቹ አንዱ ኢታምቡቶል ይባላል፣ የሚወጣው በኩላሊት ነው፣ ኩላሊት ከሌለ ይጠራቀምና የዓይን ነርቭ ይመታል። ስለዚህ እጥበት ላይ ላለ ሰው በየቀኑ አይሰጥም፣ ባብዛኛው በሳምንት ሦስቴ ከእጥበት በኋላ ነው። ችግሩ መጀመሪያዎቹ ሁለት ወር የሚሰጠው ክኒን አራቱንም ባንድ ላይ የያዘ ስለሆነ ኢታምቡቶሉን ለብቻ ማራራቅ አይቻልም። ነገውኑ ቲቢ ክፍል ሂዱና "ዲያሊሲስ ላይ እንደሆነ ታውቃላችሁ ወይ" በሉ፣ ከኩላሊት ሐኪሙ ጋ ይነጋገሩ። ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ ቀይ ነገር ይይ፣ ቀጥሎ በሌላኛው። ቀዩ ከደበዘዘበት ወይ መሀሉ ከጠፋበት በዚያው ቀን ሐኪም ይየው፣ ቶሎ ከተደረሰበት ሊመለስ ይችላል። ግን የቲቢውን መድኃኒት ራሳችሁ አታቋርጡ፣ እሱም ይገድላል።

ዳዊት፦ ግላኮማ (የዓይን ግፊት) አለብኝ፣ ፋርማሲው ዳያሞክስ የሚባል ክኒን ሰጠኝ።

ሲስተር፦ አትዋጠው! ዳያሞክስ እጥበት ላይ ያለን ሰው ያደነዝዛል፣ ያቃዣል፣ የደሙን አሲድም ያባብሳል። ነገ ለዓይን ሐኪምህ ደውል፣ ጠብታ አለ። ስንቴ ልበል፣ ዓይን ሐኪም ጋም ፋርማሲም ስትገቡ የመጀመሪያው ቃላችሁ "እጥበት ላይ ነኝ" ይሁን።

ሰላም ነኝ፦ ሁለቱም ነው፣ ይቀላል ይቆረቁራል፣ ስኳር የለም፣ ከቆየ ነው

ሲስተር፦ ተባረኪ። ድርቀት ሊሆን ይችላል፣ እጥበት ላይ የተለመደ ነው፣ ወይ ደምሽ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ከፍ ብሎ ካልሲየም ዓይንሽ ላይ እየተቀመጠ ነው። የመጨረሻው ፎስፈረስ ስንት ነበር? ካልሲየም ካርቦኔት ከታዘዘልሽ ከምግብ ጋር ነው የሚዋጠው፣ በባዶ ሆድ የምግቡን ፎስፈረስ አይዝም። ስትሮይድ ያለበት ጠብታ ከፋርማሲ ገዝተሽ እንዳታደርጊ።

አቤል፦ እኔም ብዥ ይልብኛል

ሲስተር፦ ከላይ መልሻለሁ፣ አንብብ።

አቤል፦ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ባደርግስ ዓይኔ ይመለሳል? ስንት ነው ዋጋው?

ሲስተር፦ ዋጋ እኔ ጋ የለም፣ ጳውሎስ ሆስፒታል ሄደህ ጠይቅ፣ ከ2008 ጀምሮ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። የተጎዳ ሬቲና በንቅለ ተከላ አይመለስም።

የአዳማው፦ ሲስተር የመጨረሻ፣ አባቴ የዓይን ሞራም አለበት ተብሏል። መቼ ይሠራ?

ሲስተር፦ እጥበት በሌለበት ቀን፣ ከተቻለ በታጠበ ማግስት። ኦፕራሲዮኑ ላይ ጠፍጣፋ መተኛት አለ፣ ውሃ ያለበት ሰው ትንፋሽ አጥሮት ይነሳል። ከቀጠሮው በፊት ባለው ሳምንት አንድም እጥበት እንዳይዘለል፣ ብር ካጠረ ቀጠሮውን አስተላልፉ እንጂ እጥበቱን አትዝለሉ።