ዘይት እየተቀባ የሚደርቅ ፀጉር

«የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፤ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ጠዋት ጠዋት ዘይት እቀባለሁ፣ ከሰዓት ፀጉሬ ገለባ ይሆናል» ላልሽው፦ ጥፋቱ የዘይቱ አይደለም፤ ደረቅ ፀጉር ላይ መቀባትሽ ነው። ዘይት ውስጥ ውሃ የለም። ሥራው ፀጉሩ የያዘው እርጥበት ቶሎ እንዳይተን መሸፈን ነው። እርጥበት ከሌለ ምኑን ይሸፍናል?

እንዲህ አድርጊ፦

1. ውሃ በፈረቃ ነው ስላልሽ መታጠብ ግድ አይደለም። የሃይላንድ ክዳን በመርፌ በስተሽ ውሃ ሙዪበት። ፀጉርሽን አራት ቦታ ከፍለሽ ርጪው። እርጥብ ይበል እንጂ አይንጠባጠብ።

2. ሳይደርቅ ዘይቱን መዳፍሽ ላይ አሽተሽ ከመሃል ወደ ጫፍ ቅቢ። ጫፉ ላይ አትሰስቺ፤ ብዙ ዘመን የቆየውም፣ ቶሎ የሚሰበረውም እሱ ነው።

3. ሹሩባ ተሠሪ፣ ወይም ጠቅልለሽ በሻሽ እሰሪው።

የጉሎ ዘይት ብቻውን ይከብዳል፣ የሰፈራችንን አቧራም ይሰበስባል። እኔ አንድ እጅ ጉሎ ለሦስት እጅ ኮኮናት እቀላቅላለሁ። ኮኮናት ከ24 ዲግሪ በታች ስለሚረጋ ጠዋት እንደ ቅቤ ሆኖ ታገኚዋለሽ። አልተበላሸም፤ መዳፍሽ ላይ ይቀልጣል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ፎረፎር ካለብሽ የራስ ቆዳሽን ዘይትም ቅቤም አታስነኪው። እኔ ድርቀት መስሎኝ ክረምቱን ሙሉ ቅቤ ስቀባ ከረምኩ፤ ማሳከኩ እንቅልፍ ነሳኝ። ፎረፎርን የሚያባብሰው ፈንገስ ለካ የሚመገበው ቅባት ነው። ያሻለኝ ከፋርማሲ የገዛሁት ኬቶኮናዞል የተባለ የፈንገስ መድኃኒት ያለው ሻምፑ ነው።